የአዋቂዎች ኤዲኤችዲ ስልጠና፦ የቱን ልውሰድ?

ቢሮዬ ግድግዳ ላይ አንድ ሰርተፊኬት ተሰቅሏል። ፍሬሙ ከወረቀቱ ይበልጥ ያምራል። ስለ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) የሁለት ቀን የኦንላይን ስልጠና ወስጄ ያገኘሁት ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ያየሁት ልብስ እያጣጠፍኩ፣ የቪዲዮውን ፍጥነት አንድ ተኩል ላይ አድርጌ ነው። ስለ ትኩረት የሚያስተምር ኮርስ ያለ ትኩረት ጨረስኩ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የምርጫ ጥያቄ መጣ። የተሳሳቱትን ደጋግሞ መሞከር ይቻላል። አለፍኩ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው መጣ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ። በሠላሳዎቹ አጋማሽ ያለ፣ ቀን ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ማታ ኡበር የሚነዳ ልጅ ነው። «ቀልቤ አልሰበሰብ አለኝ። ቲክቶክ ላይ ስለ ኤዲኤችዲ የሚያወሩት ሁሉ ስለ እኔ ነው የሚያወሩት» አለኝ። ቁልፍ ይጥላል። ቀጠሮ ይረሳል። ኮሌጅ ጀምሮ ሁለቴ አቋርጧል። ምልክቶቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ኮርሱ ዘርዝሯቸዋል። ግን በቀን አራት ሰዓት ብቻ የሚተኛ ሰው ሁሉ እነዚህ ምልክቶች ይታዩበታል። ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰውም እንደዚያው። ታዲያ ይሄኛው የትኛው ነው? ቀና ብዬ ሰርተፊኬቴን አየሁት። ምንም አልነገረኝም።

ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ የምለውን ነው እዚህ የምጽፈው። ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ለሶሻል ወርከሮች፣ ለነርሶች፣ ለሳይካትሪ ሬዚደንቶች፣ ለካውንስለሮች ነው። አዲስ አበባም ሁኑ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ጥያቄው አንድ ነው፤ መልሱ ግን እንደየሰዉ ሥራ ይለያያል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ስልጠና ሻጩ የበዛው ፈላጊው ስለበዛ ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ ኤዲኤችዲ እንዳለባቸው በሐኪም የተነገራቸው አዋቂዎች ወደ 15.5 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ከአዋቂው ሕዝብ 6 በመቶ ገደማ ነው። ከነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የተነገራቸው 18 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ ይህ ነገር የልጆች ብቻ ነው፣ ሲያድጉ ይተዋቸዋል ይባል ነበር። ትምህርት ቤት ሳለን ብዙዎቻችን ስለ አዋቂዎቹ የተማርነው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ክፍተት ባለበት ደግሞ ነጋዴ አይጠፋም።

መጀመሪያ ላይሰንሳችሁን (የሙያ ፈቃዳችሁን) እዩ

ስልጠናዎችን ከማነጻጸራችሁ በፊት ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ ለሚቀመጠው ሰው ምን እንድታደርጉለት ይፈቀድላችኋል? መድኃኒት ታዛላችሁ? ምርመራ አድርጋችሁ «አለብህ» ወይም «የለብህም» ማለት ትችላላችሁ? ወይስ ሥራችሁ ማማከርና መደገፍ ነው?

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት የማታዝ ሶሻል ወርከር የስድስት ሰዓት የመድኃኒት ትምህርት ትገዛለች። ሳይካትሪስቱ ደግሞ የኮቺንግ (ሰው ያቀደውን እንዲያደርግ የመደገፍ) ኮርስ ይገዛል፤ ግን ለአንድ ታካሚ ያለው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሁለቱም ኮርሶች ጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ የተሳሳተ ሰው እጅ መግባታቸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ ይሰመርበት። «ሰርቲፋይድ» መባል ላይሰንስ አይደለም። የትኛውም የኤዲኤችዲ ሰርተፊኬት ቀድሞ ያልነበራችሁን የመመርመር ወይም የማዘዝ መብት አይሰጣችሁም። ሻጮቹም ይህን ይጽፉታል፤ ግን ከገጹ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል ነው።

ኮርሱን በአምስት ደቂቃ መፈተሽ

ከመክፈላችሁ በፊት የኮርሱን ማውጫ ወይም ናሙና ቪዲዮውን ክፈቱ። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው አንድ ቁጥር ነው፦ 12።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የኤዲኤችዲ መመዘኛውን በ2013 ሲያሻሽል፣ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መታየት አለባቸው አለ። ከዚያ በፊት ቁጥሩ 7 ነበር። ምልክቶቹ ሁለት ምድብ ናቸው፣ ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥ፤ ለአዋቂዎች በአንዱ ምድብ ካሉት ዘጠኝ ምልክቶች አምስት ይበቃል ተባለ፤ ለልጆች ግን ስድስት ነው። ስለዚህ ኮርሱ አሁንም «ከ7 ዓመት በፊት» የሚል ከሆነ፣ ወይም ለአዋቂውም ስድስት ምልክት የሚቆጥር ከሆነ ቪዲዮው ከ2013 ወዲህ አልታደሰም ማለት ነው። ዝጉት።

ሁለተኛው መፈተሻ ይበልጣል። ኮርሱ «ኤዲኤችዲ ነው» ለማለት ስንት ሰዓት ይሰጣል? «ኤዲኤችዲ አይደለም» ለማለትስ? ምልክት መዘርዘር ማንም ይችላል፤ ቲክቶክም በነጻ ይዘረዝራል። ሙያው ያለው መለየቱ ላይ ነው። ጭንቀት ትኩረት ይነሳል። ድብርትም እንዲሁ። ባይፖላር ሰውን ያጣድፋል። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሰው ቀኑን ሙሉ ይደነዝዛል። የታይሮይድ ችግር፣ የደም ማነስ፣ አልኮል፣ ያልዳነ የጦርነት ትዝታ፣ ሁሉም በር እያንኳኩ «እኔ ኤዲኤችዲ ነኝ» ይላሉ። ይባስ ብሎ ብዙ ጊዜ ኤዲኤችዲው ከነርሱ ከአንዱ ጋር አብሮ ይመጣል። ለዚህ ክፍል አንድ ስላይድ ብቻ የሰጠ ኮርስ ዋናውን ነገር ዘሏል።

ሦስተኛው መፈተሻ ማስታወቂያው ነው። «በአንጎል ስካን እንለያለን» የሚል ካያችሁ ራቁ። ኤዲኤችዲን ብቻውን የሚለይ ስካንም የደም ምርመራም የለም። ኮርሱ ሲያልቅ ቫይታሚን መሸጥ ከጀመረም እንዲሁ። «በአንድ ቅዳሜና እሁድ ስፔሻሊስት ይሁኑ» የሚለውን... እኔን አትጠይቁኝ፤ ግድግዳዬን ጠይቁ።

አጫጭር የኦንላይን ኮርሶች

አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚገኙት እነዚህ ናቸው። ፔሲ የሚባለው ድርጅት ትልቁ ሻጭ ሳይሆን አይቀርም። የርሱን የመሰለ ኮርስ የወሰደ፣ ላይሰንስ ያለው ባለሙያ ኤቨርግሪን በሚባል አካል በኩል የኤዲኤችዲ ሰርተፊኬት መጠየቅ ይችላል።

ጥቅማቸው ግልጽ ነው። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ታያላችሁ። ላይሰንስ ለማደስ የሚያስፈልጋችሁን ሰዓት ታሟላላችሁ። ዋጋቸው ከሌሎቹ ይረክሳል፤ በዚያ ላይ ቅናሽ የሌለበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዶቹ አስተማሪዎች በእውነት ጎበዞች ናቸው።

ጉድለታቸው ደግሞ ማንም ስታደርጉ አያያችሁም። ታካሚ ስትጠይቁ ማንም አልሰማም፤ ስትሳሳቱ ማንም አላረመም። ቪዲዮ አይቶ ብቻ ዋና የተማረ ሰው የለም። እንደ መግቢያ ግን ይሆናሉ። ኢትዮጵያ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የውጭ ኮርስ ሰዓት ለሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ትምህርት) ነጥብ በቀጥታ ይያዝልኛል ብላችሁ አትክፈሉ። መጀመሪያ ነጥቡን የሚሰጠው ዕውቅና ያለው ተቋም ይቀበለው እንደሆነ ጠይቁ።

የሙያ ማኅበራት ስልጠና

የኔ ሚዛን ወደዚህ ያጋድላል። ብሪታንያ ውስጥ ዩካን የሚባል የአዋቂዎች ኤዲኤችዲ ባለሙያዎች መረብ አለ፤ በ2009 የተቋቋመ ነው። ካናዳ ውስጥ ካድራ አለ፤ የራሱ መመሪያና ከመመሪያው ጋር የሚሄዱ ቅጾች አሉት። አሜሪካ ውስጥ አፕሳርድ አለ፤ ጉባኤውን በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ያደርጋል። ዓለም አቀፉ የኤዲኤችዲ ፌዴሬሽን ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ጉባኤ ያዘጋጃል። በ2023 አምስተርዳም፣ በ2025 ፕራግ ነበር።

ልዩነቱ የሚያስተምረው ሰው ላይ ነው። ማኅበራቱ ጋ የሚያስተምሩት በብዛት በየሳምንቱ ታካሚ የሚያዩ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ናቸው። እርስ በርስ ሲከራከሩ ትሰማላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ተነስቶ «እኔ በዚህ አልስማማም» ሲል የምትማሩት ነገር ከሁለት ሰዓት ስላይድ ይበልጣል። ጉባኤ ግን ስልጠና አይደለም። አፕሳርድ ሄዳችሁ ሦስት ቀን አዳዲስ ጥናት ትሰማላችሁ፤ መሠረቱ ከሌላችሁ የምትመለሱት በቦርሳና በእስክሪብቶ ነው። ለጀማሪ የዩካን ወይም የካድራ ዓይነት ኮርስ ይሻላል።

ችግሩም አለ። ዩካን ስለ ብሪታንያ አሠራር፣ ካድራ ስለ ካናዳ መድኃኒት ነው የሚያወራው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ከትምህርቱ አንድ ሦስተኛው «ለጠቅላላ ዕውቀት» ይሆናል። በዚያ ላይ ክፍያው በፓውንድ ወይም በዶላር ነው። ውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ የሌለው ሰው ዘመድ ፍለጋ መግባቱ ነው። ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች ቅናሽ አለ ወይ ብሎ ኢሜይል መላክ አያሳፍርም።

መሣሪያውን መማር፦ ዲቫ 5

አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው።

ዲቫ 5 ኔዘርላንዳዊቷ ሳይካትሪስት ሳንድራ ኮይ ከባልደረቦቿ ጋር ያዘጋጀችው የቃለ መጠይቅ ቅጽ ነው። 18ቱን ምልክቶች አንድ በአንድ ይወስዳል። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ አንዴ ስለ አሁኑ ሕይወት፣ አንዴ ስለ ልጅነት። ለእያንዳንዱም ተጨባጭ ምሳሌዎች አሉት። ከዚያ ችግሩ ሰውየውን የት የት እንደጎዳው ይጠይቃል፦ ሥራና ትምህርት፣ ቤተሰብና ትዳር፣ ማኅበራዊ ግንኙነት፣ የዕረፍት ጊዜ፣ ለራሱ ያለው ግምት። አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውየውን ታውቁታላችሁ።

ከዚህ ጋር የሚምታታው ኤኤስአርኤስ የሚባለው መጠይቅ ነው። እሱ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር የተሠራ፣ በ2005 የወጣ ነው። 18 ጥያቄ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 6 ለማጣሪያ ያገለግላሉ። ከስድስቱ አራቱ የጠቆረው ሳጥን ውስጥ ከወደቁ «ጠለቅ ብለህ እይ» ማለት ነው እንጂ «አለበት» ማለት አይደለም። አንዳንድ አጭር ኮርስ ይህን ማጣሪያ እንደ ምርመራ ያስተምራል። በችኮላ ምርመራ ምን ሊመጣ እንደሚችል አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። ጁን 2024 ላይ የፍትሕ ሚኒስቴሩ በኢንተርኔት አዴራል የሚባለውን የኤዲኤችዲ መድኃኒት ሲያድል ነበር ያለውን ድርጅት መሥራችና የሕክምና ኃላፊውን ከሷል።

የዲቫ ጉድለቱ ምንድነው? ስለ ሕክምና አያስተምርም። ቅጹ ብቻውንም ባለሙያ አያደርግም፤ ኤዲኤችዲ ያልሆነውን የመለየቱ ሥራ አሁንም የናንተ ነው። ስለዚህ ሲቻል በቀጥታ የሚሰጥ፣ ተራ በተራ እየተጠያየቃችሁ የምትለማመዱበትን ስልጠና ፈልጉ። አንዱ ታካሚ ይሆናል፣ አንዱ ይጠይቃል፣ አሠልጣኙ ያርማል።

የንግግር ሕክምና ስልጠና

ለሥነ ልቦና ባለሙያዎችና ለሶሻል ወርከሮች ዋናው እዚህ ነው። ለአዋቂ ኤዲኤችዲ ጥሩ ማስረጃ ያለው በምክክር የሚሰጥ ሕክምና ሲቢቲ (አስተሳሰብንና ልማድን ለመለወጥ የሚሠራበት) ነው፤ ግን ለድብርት የተማራችሁት ሲቢቲ አይደለም። ያኔ ማሳቹሴትስ ጄነራል ሆስፒታል የነበረው ስቲቨን ሳፍረን ከባልደረቦቹ ጋር በ2010 ባሳተመው ጥናት፣ መድኃኒት እየወሰዱም ችግራቸው ያልለቀቃቸው 86 አዋቂዎች ተካፍለዋል። ሲቢቲ ያገኙት፣ መዝናናትና ምክር ብቻ ካገኙት ይበልጥ ተሻሻሉ። በዚያው ዓመት ሜሪ ሶላንቶ ኒው ዮርክ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ በቡድን አድርጋ ጥሩ ውጤት አሳየች።

ምን ይሠራል ካላችሁ፣ አስማት የለውም። አንድ ካሌንደር፣ አንድ የሥራ ዝርዝር፤ ሁለት አይደለም፣ አንድ። ትልቁን ሥራ መቆራረስ። ትኩረት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ መለካት። ሠርተህ ሳትጨርስ ሌላ ሐሳብ ሲመጣ ወረቀት ላይ ጽፈህ ወደ ሥራህ መመለስ፤ ሲያልቅ ወረቀቱን ማየት። ከዚያ «እኔ ሰነፍ ነኝ» የሚለውን የቆየ ሐሳብ መሞገት። ዕድሜውን ሙሉ «ቀልበ ቢስ»፣ «ዝንጉ»፣ «ልቡ የት ሄደ» ሲባል የኖረ ሰው እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ ያለቅሳል።

በዚህ ዘርፍ ስልጠና ስትመርጡ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ሱፐርቪዥን (ሥራችሁን እያየ የሚያርም ባለሙያ) አለው? ያለ ሱፐርቪዥን የሦስት ቀን ወርክሾፕ፣ ወይም አጠር ያለ ስልጠና ከስድስት ወር የኬዝ ውይይት ጋር ቢቀርብልኝ፣ እኔ ሁለተኛውን ነው የምወስደው። ዋጋው ቢበልጥም።

ኮቺንግ

ስለ ኮቺንግ አጠር አደርጋለሁ። አሜሪካ ውስጥ ከ1998 ጀምሮ የኤዲኤችዲ ኮቾችን የሚያሠለጥነው አድካ የሚባለው ትምህርት ቤት ታዋቂ ነው። ዓለም አቀፉ የኮቾች ፌዴሬሽን አይሲኤፍ ለመነሻ ማዕረጉ 60 ሰዓት ትምህርትና 100 ሰዓት የኮቺንግ ልምድ ይጠይቃል። ለቀጣዩ 125 ሰዓት ትምህርትና 500 ሰዓት ልምድ። ትምህርት ቤቱ ከዚህ ፌዴሬሽን ዕውቅና ከሌለው ገንዘባችሁን ያዙ።

ኮች አይመረምርም፣ አያክምም። ሰውየው ያቀደውን እንዲያደርግ ይደግፈዋል። ላይሰንስ የሌለው ግን ከሰው ጋር መሥራት ለሚወድ ጥሩ መንገድ ነው። ቴራፒስት ከሆናችሁ ግን ሲቢቲውን አስቀድሙ፤ ኮቺንጉ ውስጥ ያለው ተግባራዊ ነገር አብዛኛው እዚያም አለ።

ነጻ የሆኑት

ሳትከፍሉ ብዙ መንገድ መሄድ ይቻላል። የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2018 ያወጣው የኤዲኤችዲ መመሪያ በነጻ ይነበባል። አዋቂ ሰው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ምን መለካት እንዳለበት ይዘረዝራል፤ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ክብደት፣ የልብ ታሪክ። በ2022 የወጣው የአውስትራሊያ መመሪያም በነጻ ነው፤ አነባበቡም ይቀላል። ዓለም አቀፉ የኤዲኤችዲ ፌዴሬሽን በ2021 በማስረጃ የተደገፉ 208 መደምደሚያዎችን አንድ ላይ አውጥቷል። አንዱን ቅዳሜ ለሱ ስጡ። እነዚህን ሦስቱን ያነበበ ሰው ብዙዎቹን አጫጭር ኮርሶች መግዛት አያስፈልገውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ነርሶችና የጤና መኮንኖች የሚያውቁት የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና ፕሮግራም ኤምኤች ጋፕ አለ። ጥሩ ነው፤ ግን ኤዲኤችዲን የሚያነሳው በልጆችና በወጣቶች ክፍል ውስጥ ነው። ለአዋቂ ታካሚ በዚያ ብቻ እሠራለሁ ማለት አይቻልም።

የእኛ ሰው ሲመጣ

የትኛውም የውጭ ስልጠና ይህን ክፍል አያስተምራችሁም። ስለዚህ ስትመርጡ ቢያንስ ጥያቄያችሁን የሚቀበል፣ የራሳችሁን ኬዝ የምታቀርቡበት ቦታ ይኑረው።

ከጫት እንጀምር። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። «ስቅም ነው ማንበብ የምችለው» የሚል ሰው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ራሱን ሳያውቅ ሲያክም የኖረ ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ነው፤ ወይም ደግሞ ቀን በምርቃና፣ ማታ በጨብሲ፣ ሌሊት ያለ እንቅልፍ የሚያሳልፍ፣ በማግስቱ ቀልቡ ቢጠፋ የማይገርም ሰው ነው። የአሜሪካ ኮርስ ስለ ማሪዋና አንድ ሰዓት ያወራል፤ ጫትን ስሙንም አያነሳም። አሜሪካ ያለ ደንበኛ ደግሞ ካቲኖን ሕገወጥ ስለሆነ ካልተጠየቀ አይናገርም። ጠይቁ። ቡናውንም ጠይቁ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በቀን ስንቴ?

ቀጥሎ ትርጉም አለ። ኤኤስአርኤስ ውስጥ «በሞተር እንደሚነዳ ሰው» ዓይነት ጥያቄ አለ። ቃል በቃል ተተርጉሞ ያየ አንድ ደንበኛዬ «ባጃጅ ነው ወይስ ኡበር?» ብሎኛል። «አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አልሆንልህ ይላል?» ስለው ወዲያው ገባው። ፈረንጅኛ መጠይቅ አማርኛ ደንበኛ ላይ ስትጠቀሙ ነጥቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ምን እንደተረዳ ጠይቁት።

ሦስተኛው ልጅነት ነው። ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት መኖሩን ማን ይነግራችኋል? ፈረንጆቹ የትምህርት ቤት ሪፖርት አምጣ ይላሉ። የእኛም ሰው ካርድ አለው፤ ብዙ እናቶች ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። ፎቶ አስነስታችሁ እዩት። ደረጃውን ብቻ አትዩ። «ጠባይ» የሚለውን መስመር፣ የቀረበትን ቀን፣ መምህሩ ከታች የጻፈውን አንብቡ። አንድ ካርድ ላይ «ይችላል ግን አያርፍም» የሚል አንብቤያለሁ። ሦስት ቃል፣ ግማሽ ምርመራ። ተጠንቀቁ ግን። በአንድ ክፍል ስልሳና ሰባ ልጅ ሲኖር ዝም ብላ መስኮት የምታይ ልጅን መምህሩ አያያትም። ሴቶች ዘግይተው የሚታወቁት አንድም በዚህ ነው።

እናትን በስልክ መጠየቅም ይቻላል፤ ሰውየው ከፈቀደ። ግን «ልጅዎ ልጅ ሆኖ ትኩረት ያንሰው ነበር?» ብላችሁ ከጀመራችሁ በሩ ተዘጋ። «ልጄ ጎበዝ ነበር። ምን ልትሉት ነው?» ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «እማማ፣ ሱቅ ሲልኩት እንዴት ነበር?» አንዲት እናት ሳቁ። «ዘይት ልኬው ሳይመለስ ሲቀር ሄጄ ሳየው፣ ጠርሙሱን መንገድ ዳር አስቀምጦ የሰው ኳስ ያያል። ብሩ የት እንደገባ አያውቅም። በሳምንት ሁለት ሦስቴ!» የሰባት ዓመት ልጅ እያለ ነው። ይህን መልስ ከየትኛውም ቅጽ በላይ አምነዋለሁ።

መድኃኒቱን ሳልነካ አላልፍም። አሜሪካዊው አስተማሪ የሚደረድራቸውን ስቲሙላንቶች (አነቃቂ መድኃኒቶች) አብዛኞቹን አዲስ አበባ ፋርማሲ ብትጠይቁ አታገኙም። ከነዚህ አንዱ የሆነው ሜቲልፌኒዴት የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይግባ ተብሎ በ2019 እና በ2021 ተጠይቆ ሁለቴም አልገባም። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ የምታዙ ሐኪሞች ስለ ስቲሙላንት ብቻ የሚያወራ ኮርስ አትግዙ። ስቲሙላንት ስለሌለበት ሁኔታ፣ እንደ አቶሞክሰቲን ስላሉት አማራጮች፣ ያለ መድኃኒት ስለሚሠራው ሥራ ምን ያህል እንደሚያስተምር ጠይቁ። ገልፍ አገሮች ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። እዚያ እነዚህ መድኃኒቶች ጥብቅ ቁጥጥር ስላለባቸው፣ ደንበኛችሁ ከሌላ አገር ክኒን ይዞ ከመብረሩ በፊት ፈቃድ እንዲጠይቅ ንገሩት።

እኔ ብሆን

አዲስ አበባ ያለ የሳይካትሪ ሬዚደንት ብሆን፦ መጀመሪያ ናይስንና የአውስትራሊያውን አነባለሁ። ገንዘቤን ዲቫ 5 ስልጠና ላይ አውላለሁ። ለጉባኤ ገና ነኝ።

ሜሪላንድ ያለሁ ሶሻል ወርከር ብሆን፣ ያው ነኝም፣ ሰዓት ለማሟላት አንድ አጭር ኮርስ እወስዳለሁ፤ ዋናውን ገንዘብ ግን ሱፐርቪዥን ያለው የሲቢቲ ስልጠና ላይ አደርጋለሁ። ሰርተፊኬቱን አልፈልግም። አለኝ።

ላይሰንስ የሌለው፣ ሰው ማገዝ የሚወድ ሰው ብሆን፦ አይሲኤፍ ዕውቅና ያለው የኮቺንግ ትምህርት ቤት። «ምርመራ ልሥራልህ» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።

ተሰማርቶ ብዙ ዓመት የሠራ ባለሙያ ብሆን ደግሞ ጉባኤ እሄዳለሁ፤ ክርክሩን ለመስማት።

ለአሠልጣኞቹ ኢሜይል ስትልኩ አንድ ጥያቄ በቂ ነው፦ «ኮርሱ ውስጥ የራሴን ኬዝ አቀርባለሁ? ማን ያርመኛል?» የአራሚው ስምና ሙያ ከመጣ፣ ጥሩ። የቅናሽ ኮድ ከመጣ ሌላ ፈልጉ።

ያ ፓርኪንግ የሚሠራው ልጅ ምን ሆነ ካላችሁ፣ መጀመሪያ እንቅልፉን አስተካከልን። ሁለተኛውን ሥራ ለሦስት ወር ቀነሰ። ግማሹ ችግር ለቀቀው፤ ግማሹ አልለቀቀውም። ያልለቀቀውን ነው በዲቫ የጠየቅነው። ያን የሱቅ ታሪክ የነገሩኝ እናት የርሱ እናት ናቸው።

እኛ አሁን አራት ሆነን የኬዝ ውይይት ጀምረናል፤ ሁለት እዚህ፣ ሁለት አዲስ አበባ። እሁድ እዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ እዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በዙም እንገናኛለን። ኖቬምበር ላይ የአሜሪካ ሰዓት ሲቀየር እዚያ 4 ሰዓት ይሆናል። በየዓመቱ አንዳችን እንረሳዋለን። አምና እኔ ነበርኩ።